ከኋላ የመጣው ምት

ዝናቡ መጀመሪያ ዘገየ፤ ኋላ ጭራሽ ቀረ። ገበሬው የሚሸጠው አጣ፣ መጋዘኑ ባዶውን ከረመ። አልፎ አልፎ የጭነት መኪና ሲመጣ ሥራው ለጥቂት ሸክመኛ ብቻ ነው፤ የቀረው በር ላይ ተኮልኩሎ ከውስጥ አንዱ እስኪያነክስ ይጠብቃል። ያነከሰ ይወጣል፣ ከበር አንዱ ይገባል። ስለዚህ በዚያ ዓመት ማንም አላነከሰም።

አሁን ብረቱ የሚሉት አንጋፋ ሸክመኛ የጤና ጣቢያው አልጋ ላይ በሆዱ ተኝቷል፤ እግሮቹ ከአልጋው ጠርዝ አልፈው ተንጠልጥለዋል። አፉ አላረፈም፤ ይራገማል። ጆንያውን ይዞ በሳንቃው ወደ መኪናው ሲወጣ ከኋላው የነበረው አማቹ፣ የታናሽ እህቱ ባል፣ ተረከዙን ረገጠው። ቋ ሲል በገዛ ጆሮው ሰምቷል። ከነጆንያው ወደቀ፤ ሊያነሳው ያጎነበሰውን አማቹን በቡጢ አፉን አለው። የሸክመኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ነገሩን አላጣራም። አማቹን እዚያው አባረረ፣ በቦታው ከበር አንድ ሰው ጠራ።

የተባረረው አማች ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከንፈሩን በጨርቅ ይዞ የሚሰፋበትን ተራ ይጠብቃል። ካቦው በሩን ተደግፎ የመኪና ቁልፉን ያቅጨለጭላል። መንገድ ላይ ለብረቱ ነግሮታል፤ «ሰው ረግጦህ ከሆነ እስክትድን ቦታህ ይጠብቅሃል። በራሱ ጊዜ ከሆነ ግን እኔ ያረጀ ገመድ አልቀጥልም።»

ነርሷ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀው ብረቱ እንደገና ተረከ፤ አግዳሚው ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። በዚያው የድሮውንም አነሳ። እህቱን ምጥ ይዟት፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ባልየው ዳር ቆሞ ሲያለቅስ በጀርባው ያሻገራት ማን ሆነና! ወሮታው ይኸው፣ እርግጫ። አማቹ ይህን ወንዝ በየሰርጉና በየለቅሶው ሲሰማው ኖሯል። ጨርቁን ይበልጥ ከንፈሩ ላይ ተጫነው እንጂ ቀና አላለም።

ነርሷ የሱሪውን እግር ሰበሰበች። ከተረከዙ ከፍ ብሎ፣ ሥጋው ውስጥ እስኪሰምጥ የተጠመጠመ የጆንያ ክር አገኘች። በመቀስ ቆረጠችው።

«ይህን ማን አሰረው?»

«እኔ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?»

ፊቱን ፍራሹ ውስጥ ቀበረ። ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ ተረከዙ እንደ ሳንቃ ይደርቃል፤ እስኪፍታታ ድረስ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ይህን ያለ ሚስቱ የሚያውቅ የለም። በሩ ጋ የቁልፉ ድምፅ ቆመ።

ነርሷ የደህናውን እግር ባት በእጇ ጨመቅ አደረገችው። እግሩ እሺ እንደሚል ሰው ራስ ወደ ታች ተነቀነቀ። የተጎዳውን ጨመቀችው። ዝም። ደግማ ጨመቀች፤ እግሩ የሌላ ሰው ይመስል ተንጠልጥሎ ቀረ። ከዚያ ከተረከዙ በላይ፣ እንደ ገመድ የጠነከረው ጅማት ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ጣቷን ጫነች። ጣቷ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። «አልረገጡዎትም አባቴ። ጅማትዎ ነው የተበጠሰው። ሲበጠስ ልክ ከኋላ የመቱት ያህል ነው። አንዱ ኳስ ተጫዋች እንዲሁ ሆኖ ዞር ሲል ከኋላው ሰው የለም፤ የሜዳውን አጥር ሰደበ።»

«ታዲያ ጆሮዬ ዋሸኝ?»

«ጆሮዎ ልክ ነው። የሰሙት የጅማትዎን ድምፅ ነው።»

ካቦው ምን እንዳለች ጠየቀ። እሷ ብረቱን ታየዋለች። ብረቱ የፍራሹን ላስቲክ በጥርሱ ያዘ። ረግጦኛል ቢል ቦታው ቦታው ነው። ማን ያውቅበታል? በክንዱ ስር አሻግሮ አማቹን አየ። ምነው አንድ ክፉ ቃል በተናገረኝ ብሎ ተመኘ፤ ያኔ ይቀለው ነበር። አማቹ ግን ወለሉን እያየ ደሙን ይጠርጋል። ከሁሉ ይልቅ ያበገነው ይህ ዝምታ ነው።

«ማንም አልረገጠኝም» አለ በላስቲኩ ውስጥ።

«አልሰማሁህም።»

«ማንም አልረገጠኝም አልኩህ! ያረጀው ገመድ እኔ ነኝ፣ ደስ ይበልህ። የእሱን ቦታ ለእሱ መልስ። ከበር ለጠራኸው ሰውዬ የእኔን ስጠው።»

ካቦው ትከሻውን ነቀነቀ። ለእሱ ጆንያው ይነሳ እንጂ ማንም ያንሳው፤ አማቹ ነገ ጠዋት ይምጣ አለና ወጣ። ነርሷ እግሩን ጣቶቹ ወደ ታች እንደተዘረጉ በጣውላ ደግፋ አሰረችው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ካልደረሰ ጅማቱ ወደ ላይ ተሰብስቦ ይቀራል፣ እግሩም መሬት እንዳይነካ አለች። በመኪናው እንዲያደርሰው ካቦውን በመስኮት ተጣራች። መኪናው ግን ተነስቶ ሄዷል።

አማቹ ከንፈሩን ሳያሰፋ ተነሳ። አልጋው ጋ ሲደርስ ዞሮ ቁጢጥ አለና ጀርባውን ሰጠ።

«ጀርባዬ ላይ ውጣ።»

«አትችለኝም።»

«ውጣ አልኩህ ጋሼ።»

ብረቱ በሁለት እጁ አንገቱን አቀፈ። አማቹ ጆንያ እንደሚያነሳ ሰው አቃስቶ ቆመ። ደረጃውን ወረዱ፤ መንገዱን ወደ አውቶቡስ መቆሚያው ያዙ። የታሰረው እግር በየእርምጃው የአማቹን ጭን ይመታል።

«እንግዲህ ወንዙን አታነሳብኝም» አለ አማቹ፣ እንደተቆጣ፣ ፊት ለፊት እያየ።

ከተሰነጠቀው ከንፈር ደም የብረቱ እጅ ላይ ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ አለ። እጁን አላነሳም።