የዓሣ አንጀት ያበቀለው ስንዴ

አባ ቀለመወርቅ ስንዴውን በመዳፋቸው ያንከባልሉና ወደ ከረጢቱ ይመልሱታል።

«አይሆንም፣ ልጄ።»

«ነቀዝ አገኙበት?»

«ነቀዝስ የለውም። በእስቴ እንዲህ ያለ ስንዴ ዘንድሮ አላየሁም። ግን ከዓሣ አንጀት ላይ የበቀለ ነው። ለቁርባን መገበሪያ አልቀበለውም።»

ነገ የባለቤቴ የሥዩም ሙት ዓመት ነው። የቅዳሴው ኅብስት ከዚህ ስንዴ እንዲጋገር ነበር ሐሳቤ።

ነጋዴው ዳውድ በዐቢይ ጾም ከዓባይ ዓሣ ያመጣል። ሥጋውን አድርቆ ይሸጣል፤ ጭንቅላቱንና አንጀቱን ለውሻ ይጥላል። ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተመለሰው ሥዩም ያንን እየለቀመ፣ ከአመድና ከገለባ ጋር አብላልቶ የደከመው ማሳችን ውስጥ ቀበረው። ገበያው «የዓሣ ነፍስ አባት» እያለ ሳቀበት። አምና በሰኔ ሞተ። ያዘራሁት፣ ያረምኩት፣ ያሳጨድኩት እኔ ነኝ፤ የዘንድሮንም አንጀት የለቀምኩት እኔው።

«አባ፣ እበት ያልነካው ስንዴ በዚህ አገር አለ?»

«እበት የአባቶቻችን ነው።»

«ጌታችንስ እንጀራውን ሲያበረክት ዓሣውን ለይቶ ጣለው?»

«ዓሣውን ባረከ እንጂ አንጀቱን ባረከ አልተባለም» ይላሉ። ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይሸፍኑታል። ወዲያው ፊታቸው ይከብዳል። «ካህናቱ ሰምተዋል። አንዱ ‹ገማኝ› ቢል ነገ ማን ይቀድስልሻል?»

መልስ አለኝ፤ ብዙ መልስ። የከረጢቱን አፍ አስራለሁ።

ተሸክሜ ከደጀ ሰላሙ ስወጣ አባ ከኋላዬ ይጠሩኛል። ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ከዚያ... ከዓሣው ነገር የዘንድሮ ተርፎሻል?»

«ለምንዎ?»

«ለገብሴ ነዋ! መሬቴ እንደኔው አርጅቷል። ገብሱን የምበላው እኔ ነኝ፤ መቅደስ አይገባ።»

ከረጢቱን ከትከሻዬ አወርደዋለሁ፤ መሬቱን ሲመታ አቧራ ይነሳል። መጮህ ያምረኛል። እሳቸው ግን እንደ ቆሎ ተማሪ ጎንበስ ብለው ይጠብቁኛል።

«ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ምን ያህል ይጠልቃል?»

«ሥዩም በክንዱ ነበር የሚለካው።»

ክንዴን ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ዘርግቼ አሳያቸዋለሁ። ከእሱ ክንድ ያጥራል። የሌላውን እጄን አራት ጣት ከጫፉ ላይ እጨምርበታለሁ።