ተመላሿ ሳንቲም

ታናሿ ልጄ ሳንቲሟን በጠረጴዛው ላይ አንሸራትታ ፊቴ ታቆማታለች። ጀልባ ቀዛፊው ኪሱን ሲዳብስ ይቺን አገኘ ትላለች። ጀልባ ቀዛፊው እኔ ነኝ። በእሷ ጨዋታ ውስጥ ዕድሜ ልኬን ሰው ከዳር ዳር ሳሻግር ኖሬያለሁ፤ ካንዲት ጀልባ በቀር ሀብት የለኝም።

ጨዋታው የወሬ ጨዋታ ነው። እሷ ትተርካለች፣ እኛ ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፣ ነገሩ ሲያጠራጥር ባለ ሃያ ጎን ጠጠር ይጣላል። ዳይስ ትላታለች። በዕረፍት ቀን የወርክሾፓችንን ማሽኖች አጥፍተን፣ የብየዳ ጠረጴዛውን ጠርገን እንቀመጣለን። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩም አይቀርም፤ ሰፈሩ ምላጭ ይለዋል። በጨዋታው ሌባ ነው። ዛሬም ሊሰርቅ ገብቶ ተይዞ ታስሯል።

ታላቁ ልጄ ግን ተጫውቶ አያውቅም። ዛሬ ሳይጠሩት መጥቶ ወንበር ሳበ፣ ነጋዴ ልሁን አለ። ለምን እንደመጣ አውቃለሁ። ይሄን ወርክሾፕ ከነግቢው የሚገዛ ሰው አግኝቷል፤ ሰውዬው ነገ ጠዋት ይመጣል። ሽጠውና እኔ ዘንድ ግባ፣ አንድ ክፍል አለ፣ አረፍ በል ይለኛል። ክፉ ልጅ አይደለም። ታናሿ የምትበይደውም የምትኖረውም እዚሁ መሆኑን ግን አላነሳም። እኔም እስካሁን እሺም እምቢም አላልኩትም።

ሳንቲሟን አገላብጬ አያታለሁ። ታናሿ ከነሐስ ቁራጭ የሠራቻት ናት። መሃሏ ላይ ዓይን ተቀርጾባታል።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ እርግማኗን ትናገራለች። ብትጥላት ትመለሳለች። ለሰው ብትሰጣት ትመለሳለች። ወንዝ ብትከታት እርጥብ እንደሆነች ኪስህ ውስጥ ትገኛለች። እሷ ኪስህ እስካለች ድረስ፣ የሳንቲሟን ድግምት የሚያውቅ ሰው በምትወደው ነገር ላይ ዋጋ ከጠራ ይወስደዋል። እምቢ የሚል አፍ አይኖርህም።

«ያቺ እኔም ቤት አለች» ይላል ምላጭ። «ሚስቴ ዋጋ ጠርታ እምቢ ያልኩበት ቀን የለም።»

ብቻውን ይስቃል።

ድግምቱን የሚያውቀው ነጋዴው ነው። ታላቁ ወንበሩን ያስጠጋል። ጀልባዋ አርጅታለች ይላል። እንጨቷ ውሃ ይጠጣል፣ ከላይ በኩል ድልድይ እየተሠራ ነው፣ ከእንግዲህ ጀልባ የሚፈልግ የለም። ደህና አድርጎ ነው የሚያወራው። እየቆየ ግን ፊቱ ይቀላል፣ ቃሉ ይፈጥናል፣ ጣሪያውም ቢሆን ያፈሳል ይላል።

ጀልባችን ጣሪያ የላትም።

ምላጭ አንገቱን ይደፋል። ታላቁ የተናገረውን ለማረም አይሞክርም። ዋጋውን ይጠራል፣ ድግምቱን ይደግማል፣ ከዚያ እጁን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል።

«በቃ አባዬ። እምቢ ማለት አይቻልም። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት።»

ታናሿ ጠጠሯን ታቀብለኛለች። ሃያ ከወጣልኝ ብቻ ነው የምተርፈው። ዓይኗን ከእጇ ላይ አታነሳም። በገዛ ጨዋታዋ የተያዘች ትመስላለች።

ጠጠሯን አልቀበላትም። ዕጣ የሚጥል ልቡ ያልቆረጠለት ሰው ነው።

«ይቺ ሳንቲም የምትመለሰው ለምንድን ነው?» እላታለሁ።

ታስባለች። «ገንዘብ ስለሆነች» ትላለች። «ገንዘብ እስከሆነች ድረስ ኪስ ትፈልጋለች።»

እነሳለሁ። ሳንቲሟን በሞርሳው መንጋጋ አጥብቄ፣ የእጅ መሰርሰሪያውን የተቀረጸው ዓይኗ ላይ አቆማለሁ። ታላቁ ምን እያደረግክ ነው ይለኛል። እጄ ሥራ ሲይዝ አፌ ሥራ እንደሚፈታ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። የነሐሱ ብናኝ ጫማዬ ላይ ይረግፋል።

የወርክሾፑ በር የላይኛው ማጠፊያ ከላላ ከርሟል። ከብሎኑ ራስ ሥር የሚገባው ቀለበት፣ ሮንዴላው፣ ወድቆ ብሎኑ ይጫወታል፣ በሩ መሬት እየጫረ ይጮሃል። የሰው በር ስሠራ ውዬ የራሴን ነገ ዛሬ እያልኩ ትቼዋለሁ። ለሚሸጥ በር ማን ይደክማል ብዬም ይሆናል። ብሎኑን አወጣለሁ፣ የተበሳችውን ሳንቲም አጠልቅበታለሁ፣ መልሼ በመፍቻ አጠብቀዋለሁ።

«ጀልባ ቀዛፊው ሳንቲሟን በሳት» እላለሁ፣ ፊቴን ሳላዞር። «ለጀልባዋ ሮንዴላ አደረጋት። ገንዘብ አይደለችም አሁን። ከቻለች ትመለስ።»

ታላቁ ወደ እህቱ ይዞራል። «እንዲህ ይቻላል እንዴ? ሕጉ ይፈቅዳል?»

ማጠፊያውን ታያለች፣ እኔን ታያለች። ከዚያ በእጇ የያዘቻትን ጠጠር ኪሷ ትከታታለች።

«ይቻላል» ትላለች።

«እኔን ታዲያ ከእስር ማን ያስፈታኛል?» ይላል ምላጭ። የሚሰማው የለም።

ታላቁ ብድግ ይላል። ጃኬቱን ይለብሳል፣ ቁልፉን ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ አሁንም አይሄድም። ሲናገር ድምጹ የነጋዴው አይደለም።

«አባዬ፣ ጨዋታውን እንተወው። ሰውዬው ነገ ይመጣል። ምን ልበለው?»

«ይምጣ» እለዋለሁ። «በር ካሻው እንሠራለታለን።»

ታናሿ ቀና ትላለች።

በሩን በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። መሬት ሳይነካ፣ ሳይጮህ ሄዶ ይገጥማል። ከብሎኑ ራስ ሥር ቀጭን የነሐስ ቀለበት ታበራለች። ዓይን የላትም።