ከንቲባው በማስመሪያ የለካው ማስታወቂያ

ከንቲባ መርል ሀንሲገር ጋዜጣ የሚገዛው ስህተት ለመፈለግ ነበር።

አሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ መሀል በተቀመጠችው የሃርመን ቤንድ ከተማ፣ ምክር ቤቱ የሚወስነውን ሁሉ አስቀድሞ በጋዜጣ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ጋዜጣዋ ደግሞ አንዲት ናት። ባለቤቷም አዘጋጇም ቬልማ ስታትዝ፣ የመርል የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ በነዚህ ማስታወቂያዎች ነው ጋዜጣዋን በሕይወት የምታቆየው። መርል ግን ማስታወቂያዎቹን ወደ ኢንተርኔት አዛውሮ ከሷ ሊገላገል ቆርጧል። የከተማውን በረዶ መጥረጊያ መኪና ቦይ ውስጥ የከተተ ጊዜ ፎቶውን ፊት ገጽ ላይ አውጥታበታለች። አሥራ ስድስት ዓመት ያለ ተፎካካሪ ለገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ፣ ይኸው ውሳኔም ራሱ በቬልማ ጋዜጣ ለሦስት ሳምንት መታወጅ ነበረበት። አንዲት ቀን ብታዛባ ሁሉም ይፈርሳል። እንደምታዛባ ደግሞ አልተጠራጠረም።

ስለዚህ በየሐሙሱ ካፌ ተቀምጦ፣ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ፣ ማስታወቂያውን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ቀኑ ልክ ነው። ሰዓቱም ልክ ነው። በማስመሪያ ሳይቀር ለካው። ድሮ አሮጊቷ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ የሚፈርመውን ሁሉ እዚሁ ጠረጴዛ ድረስ ታመጣለት ነበር፤ እሷ ጡረታ ወጣች።

"ገጹን ሁሉ ነው የምታነበው?" አለችው አስተናጋጇ።

"እኔን የሚመለከተውን ብቻ። የቀረው የጠፋ ውሻ ነው።"

በስብሰባው ዋዜማ፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ ቬልማን ከአዲሷ ጸሐፊ ከሮንዳ ቢሮ ስትወጣ አገኛት።

"ደግሞ ምን ልትሸርቢ መጣሽ?"

"እግሬን ላፍታታ ብዬ። ማስታወቂያህ እንዴት ነው? ቃል አጎደልኩ?"

"እስካሁን አላጎደልሽም።"

"እኔ እኮ ሥራዬን አከብራለሁ" አለችና እያፏጨች ወረደች።

መርል ሮንዳ ቢሮ ዘው ብሎ ገባ። "ምን ሰጠችሽ?"

"የፈረመችበት ወረቀት።"

"ተቃውሞ ነው አይደል?"

"ተቃውሞ እንኳን አይባልም። አሁኑኑ ቢያዩት ጥሩ ነው።"

"የሷን ጽሑፍ? ሦስት ሳምንት ሙሉ አንብቤ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ነገ በስብሰባው መጨረሻ ይነበብ፤ እስከዚያ ውሳኔያችን ያልፋል።"

ሮንዳ የግድግዳውን ሰዓት አየች። "እንዳሉት።"

በማግስቱ አዳራሹ ጭር ብሎ ነበር። ቬልማ ብቻ ኋላ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። መርል ደስታውን መደበቅ አቃተው።

"አየሽ ቬልማ? ሦስት ሳምንት ታውጆ አንድ ሰው አልመጣም። ጋዜጣሽን የሚያነብ የለም።"

"እውነትህን ነው" አለች ከሹራቧ ቀና ሳትል። "እኔም የተማመንኩት በሱ ነው።"

"ከንቲባው እንዲነበብ ያዘዙት አንድ ጉዳይ ቀርቷል" አለች ሮንዳ፣ ወረቀቱን እየዘረጋች። "በጋዜጣው ከኛው ማስታወቂያ ሥር ለሦስት ሳምንት እንደታወጀው፣ ለመጪው ምርጫ የከንቲባ ዕጩዎች ምዝገባ ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ተዘግቷል። ፈርመው የተመዘገቡት ዕጩዎች የሚከተሉት ናቸው።

"አንደኛ፣ ቬልማ ስታትዝ። ሁለተኛ የለም።"