ባዶው ዙር

ነገሌ ቦረና ውስጥ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት የመዝናኛ ግቢዎች ነበሩ። አንዱ የባስልዮስ ነው፤ ሌላው የአረሮ። በመካከላቸው ያለው አንድ ኮረኮንች መንገድ ብቻ ነበር።

ቀድሞ የከፈተው ባስልዮስ ነው። አባቱ ከሰሜን ለመምህርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሱም እዚያው ተወልዶ አደገ። ለዓመታት የከተማው ልጅ ከእሱ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ሌላ አያውቅም ነበር። በኋላ የከብት ነጋዴው አረሮ መጣ። በጥምቀት ሰሞን በባትሪ የሚሄድ ባቡር አስገባ። ለአረፋ ደግሞ በአየር የሚነፋ መዝለያ ጨመረ። ከሻኪሶ ሳይቀር ልጆቹን ጭኖ የሚመጣ ሰው ተገኘ።

የከተማው ወጣት እንደ ኳስ ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ። የአረሮዎቹ የባስልዮስን የዛገ ሸርተቴ ፎቶ አንስተው ፌስቡክ ላይ ለጠፉት፤ ከሥሩም «መግቢያ ከመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ጋር» ብለው ጻፉበት። ረሆቦት፣ የባስልዮስ አንድያ ልጅ፣ እያለቀሰች አነበበችለት። እሱ ሳቀ። ሚስቱ ብዙወርቅ ግን ሌሊት ተነስቶ የሸርተቴውን ዝገት ሲፍቅ አየችው።

በሁዳዴ ማለቂያ ባስልዮስ ከሐዋሳ አንድ ትልቅ መሣሪያ አስመጣ። በረጅም ምሰሶ ዙሪያ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች ነበሩት፤ ሞተሩ ሲነሳ ሰውን አየር ላይ ያሽከረክራል። የሚመረቀው ለፋሲካ ተባለ። ወሬው አረሮ ጆሮ ሲደርስ ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማው፣

«ያ ብረት ሳምንት አይቆይም። ታያላችሁ» አለ።

ቃሉ ባስልዮስ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ፣ «ስሙልኝ፤ አንድ ነገር ቢደርስ የማን እጅ እንዳለበት እወቁ» ይል ጀመር።

በዋዜማው ግን ራሱ ስልክ ደውሎ አረሮን ጠራው። አረሮ እየተገረመ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«አካም፣ ባስልዮስ። ናጋ?»

«ናጋ ነው። ና እስቲ፣ አንተም እይልኝ።»

አረሮ መሣሪያውን ዞሮ አየ። አንዱን ሰንሰለት ይዞ ወደ ታች ጎተተው።

«ጉዳ ነው፣ ትልቅ ነው! ግን ብሎኖቹን አስጠብቅ። ልጅ ነው የሚወጣበት።»

ከአጥሩ ውጪ የሚያልፉ ሰዎች ያዩት ሰንሰለቱን ሲጎትት ብቻ ነው።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ግቢው ጢም አለ። ባስልዮስ የማዘጋጃ ቤቱን ሰዎችና ሁለት ፖሊሶች ከፊት አስቀመጠ። ማይክሮፎኑን ይዞም፣

«የመጀመሪያው ዙር ባዶውን ነው። ማንም እንዳይወጣ። ደህንነቱን በዓይናችን ካየን በኋላ ልጆቹ ይወጣሉ» አለ።

ሽማግሌዎቹ አመሰገኑት። ከአጥሩ ውጪ የቆሙት የአረሮ ደጋፊዎች ግን በፉጨት አቀለጡት።

«ፈራ! ፈራ! ብረቱን ራሱ አላመነውም!»

የባስልዮስ ደጋፊዎች ደማቸው ፈላ። «ይውጡ! ይውጡ!» እያሉ መጨፈር ጀመሩ። በዚህ መሃል የዞን እንግዶች መኪና በር ላይ ቆመ፤ ባስልዮስም ሊቀበላቸው ሄደ።

ረሆቦት ስድቡን መቻል አቃታት። «አባቴ አይፈራም!» ብላ ሮጣ አንዱ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሌሎች ልጆችም ተከተሏት። ሞተሩን የሚያስነሳው ጣዲቻ አመነታ።

«አባትሽ ፈቅዷል?»

«ፈቅዷል። አስነሳው!»

ባስልዮስ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ዞር አለ። የእንግዳውን እጅ ጥሎ ሮጠ። «ውረጂ! ረሆቦት፣ ከዚያ ወንበር ውረጂ!» እያለ ሕዝቡን በክርኑ ገፋ። ወንበሮቹ ገና ቀስ ብለው እየዞሩ ነበር፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ጩኸቱን ጭብጨባው ዋጠው።

ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር የረሆቦት ወንበር ከሰንሰለቱ ተለይቶ አጥሩን ዘለለ።

ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ሴቶቹ ለቅሶ ላይ የባስልዮስን ሩጫ እያነሱ፣ «የአባት ልብ ቀድሞ ያውቃል» ተባባሉ።

ፖሊስ ብሎኑን ከአቧራ ውስጥ አገኘው። አልተሰበረም፤ ሰው በመፍቻ አላልቶታል። ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ወንበሩ ሲበር የሚያሳየው ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ፤ ከሥሩ የአረሮ ስም ተጽፎበታል። ቀብር መልስ ወጣቶቹ መንገዱን ተሻገሩ። ባቡሩና መዝለያው ተቃጠሉ። አረሮን ፖሊስ ወስዶ ጠየቀው፤ ማስረጃ ሲጠፋ ለቀቀው።

በሠልስቱ አረሮ ከአባ ዳዳቻ፣ ከአካባቢው ሽማግሌ ጋር፣ ለቅሶ ሊደርስ መጣ።

«ሰውዬ፣ አትሂድ፤ ይገድሉሃል» ብለው ዘመዶቹ ለምነውት ነበር።

«ልጅቱን አውቃታለሁ። ባቡሬ ላይ ወጥታ ታውቃለች። እንዴት እቀራለሁ?»

ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ወጣቶቹ ከበቡት። የመጀመሪያው ዱላ ግንባሩን ፈነከተው። በጉልበቱ ወደቀ።

«ዋቃ ያውቃል! እኔ አይደለሁም!»

ሁለተኛው ዱላ ተነሳ። አባ ዳዳቻ በመካከል ገብተው በከዘራቸው ከለከሉ። ወደ ድንኳኑም ዞረው ተጣሩ።

«ባስልዮስ! የሟች አባት አንተ ነህ። አንተ ካልተናገርክ እነዚህ ሰውየውን አይተዉትም። ይሙት ካልክም ተናገር!»

ከቀብሩ ወዲህ ከባስልዮስ አፍ ቃል አልወጣም ነበር። ብዙወርቅ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ ባሏን አየችው። ባስልዮስ የድንኳኑን ምሰሶ ይዞ ተነሳ፤ ደም የሸፈነውን የአረሮን ፊት ተመለከተ።

«ልቀቁት» አለ፤ «ብሎኑን ያላላሁት እኔ ነኝ።»