«የኔ ነው» ይበሉ፣ አለቀ
ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ልጅቷ ከችሎቱ ኋላ ተቀምጣ እያየች፣ ግንበኛው አባቷ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ዳኛዋ ፊት ቆመ። ጠበቃው በር ላይ፣ «አባባ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እንደ ባለቤት የኖረን ሰው ሕጉ አያስነሳውም። ሲጠይቁዎት ‹የኔ ነው› ይበሉ፣ አለቀ» ብሎት ነበር። «ደግሞ ለዚች!» ብሎ ስቆበታል።

«ቤቱን የሠሩበት መሬት የማን ነው?» አሉ ዳኛዋ።

አባቷ አፉን ከፈተና ዞር ብሎ ከሳሹን፣ የሟች ጓደኛውን ልጅ፣ አየው። ጣቶቹ የባርኔጣውን ጠርዝ ሲዞሩ ቆዩ። «የአባቱ ነው» አለ። «እኔማ ‹እስክመጣ ጠብቅልኝ› ብሎኝ ነው።» ልጅቷ ከኋላ ክው ብላ ቀረች። ከሳሹም ራሱ ቀና ማለት አቃተው።

ቤቱን በለቀቁ በአራተኛው ወር አባቷ በኪራይ ክፍል ሞተ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ከሳሹ ነበር።