ሦስት ታክሲ

«ኧረ እሱማ የከተማው ሌላኛው ጫፍ ነው!» ይሉኛል ከጎን ካለው ግቢ ብቅ ያሉት ሴትዮ። «በሦስት ታክሲ ነው የሚኬደው። የጠዋቱን ሰልፍ ከጨመርሽበትማ ሁለት ሰዓት ይፈጅብሻል።»

የስፌት መኪናዬን እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ደርቄ እቀራለሁ። አውራጆቹ አልጋችንን ተሸክመው በጎኔ ያልፋሉ።

የጠየቅኳቸው መስማት የተሳናቸው ልጆች ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ደንበኞቼን፣ እናቴን፣ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ጥዬ የመጣሁት ለእሱ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለንም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አትሰማም። በነበርንበት ከተማ እሷን የሚያስተምር አንድም ሰው አልነበረም። ባሌ ቀድሞን መጥቶ ሰፈር እንዲመርጥ ስልከው አንድ ነገር ብቻ ነው ያልኩት። «ትምህርት ቤቱ አጠገብ ይሁን እንጂ የዶሮ ቆጥ ውስጥም እገባለሁ።»

«እሺ» አለኝ። ቤቱን ሲያገኝም ደውሎ «ቅርብ ነው» አለኝ።

የስፌት መኪናዬን መሬት አስቀምጬ እገባለሁ። ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ዕቃው ሳይወርድ ማእድ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሚጣ፣ ልጃችን፣ አጠገቡ ቆማ ውሃው ሲወርድ ታያለች።

«ቅርብ ነው ያልከኝ ለምኑ ነው?»

ቧንቧውን ይዘጋዋል። ዞሮ ግን አያየኝም።

«ለጋሼ ቤት» ይላል ቀስ ብሎ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። ሳሎን መሃል እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አውራጆቹን ያዛሉ።

ወደ ባሌ እጠጋለሁ። «ሦስት ታክሲ! የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጥሩምባ የማትሰማ ልጅ፣ በሦስት ታክሲ! ስንት ሰዓት ላይ ልትነሳልህ ነው? የት ቁጭ ብላ ልታንቀላፋልህ ነው?»

«ምንድነው ጩኸቱ?» ጋሼ ብቅ ይላሉ። «አራት ክፍል ቤት፣ ግቢው የብቻችሁ፣ እኔ ደግሞ ሁለት በር አልፌ። ምን ጎደለሽ?»

«ትምህርት ቤቱ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እዚህም ትምህርት ቤት ሞልቷል። ከጤነኞቹ ጋር ትቀላቀል። እዚያ ወስዳችሁ እጇን ስታወናጭፍ እንድትውል ነው? ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይህቺ ልጅ ብትማር ባትማር...»

«ያቺን ቃል እንዳይጨርሷት!» እላለሁ። ድምፄን እኔም አላውቀውም። አንድ ቀን ከቃላቸው ዝንፍ ብዬባቸው አላውቅም፤ ክው ብለው ያዩኛል።

ሚጣ አንዴ የእሳቸውን ከንፈር፣ አንዴ የእኔን ታያለች። ስለ እሷ እንደምናወራ ታውቃለች። ሁልጊዜም ታውቃለች።

ወደ ባሌ እዞራለሁ። ከትምህርት ቤቱ መምህራን አንዷ፣ እዚያው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ጓሮዋ ያሉትን ሁለት ክፍሎች እንደምታከራየን ነግራኝ ነበር። ስልኳን የሰጠሁት እኔው ነኝ። «የመምህሯ ቤትስ?»

«ተይዟል አልኩሽ እኮ።»

ስልኬን አውጥቼ እደውላለሁ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን እለቀዋለሁ።

«ማን ይዞት?» ትላለች መምህሯ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ እናንተን ስጠብቅ! ማንም እኮ አልደወለልኝም።»

«ዛሬ ብንመጣስ?»

«ቁልፉ እዚሁ እጄ ላይ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ የባሌ ፊት አመድ መስሏል። «ጋሼ ነው» ይላል፣ ወንድሙ እዚያው ቆመው እየሰሙት። «ሁለት ክፍል ውስጥ ታጭቀህ ሰው ምን ይለኛል አለኝ።»

«ሰው? የቱ ሰው? ጥራልኛ ያንን ሰውዬ! ጠዋት ጠዋት እየተነሳ ልጄን ታክሲ ያሰልፍልኝ! ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይያዝላት!»

ከአውራጆቹ አንዱ ሳቁ ያመልጠዋል። ቶሎ ብሎ ሳል ያስመስለዋል። እኔ አልሳቅኩም። አንድ ነገር አንስቼ ግድግዳው ላይ መፈርከስ አምሮኛል፤ የሚፈረከሰው ሁሉ ግን ገና ካርቶን ውስጥ ነው።

ሚጣ የአባቷን እጅጌ ትጎትታለች። ሁለት መዳፏን እንደ ደብተር ትከፍታለች፤ በጣቷ ወደ ወለሉ ትጠቁማለች፤ ቅንድቧን ታነሳለች። እኔና እሷ ቤት ውስጥ የፈጠርነው ምልክት ነው። ይህቺን አባቷም ያውቃታል፤ ቤት ፍለጋ ከመምጣቱ በፊት ወር ሙሉ ስለ ትምህርት ቤቷ በየቀኑ ጠይቃዋለች። አሁን የምትለው፦ ትምህርት ቤቴ እዚህ ነው?

«ምን አለች?» ይላሉ ጋሼ።

ባሌ ያየኛል። እንድነግርለት ነው።

«እኔ አልነግርልህም። የዋሸሃት አንተ ነህ፤ አንተው ንገራት።»

እጆቹን ያነሳል። ከቧንቧው የቀረ ውሃ በክርኑ ይወርዳል። ጣቶቹ አንዴ ይከፈታሉ፣ አንዴ ይጨበጣሉ፣ ከዚያ አየር ላይ ይቆማሉ። «ብዪ»ን፣ «ነይ»ን፣ «ተኚ»ን ያውቃል። «ሩቅ» እንዴት እንደሚባል አያውቅም። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቆኝም አያውቅ።

ሚጣ እጆቹን ትጠብቃለች።

እጆቹን ሱሪው ላይ ይጠርግና ወደ ሳሎን ይሄዳል። አልጋው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ብድግ ያደርገዋል።

«ያዝልኝ» ይለዋል አንዱን አውራጅ።

«ወዴት?»

«ወደ ጭነት መኪናው።»

«አሁን እኮ ነው ያስገባነው!»

«ያዝ አልኩህ!»

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ይዘጉበታል። «ከዚህ ወጥተህ እዚያ ጉሮኖ ከገባህ ወንድም አለኝ እንዳትል!» ይላሉ። ባሌ ግን አልጋውን አያወርደውም፤ በትከሻው እየገፋ ይቆማል፣ እሳቸው ራሳቸው ገለል እስኪሉ ድረስ።

ቁጣዬ አልበረደም። ዛሬ አይበርድም፤ ነገም የሚበርድ አይመስለኝም። የስፌት መኪናዬን አንስቼ እከተላቸዋለሁ።

ሚጣ በጎኔ ሮጣ ታልፈኛለች። ደርሳ ከአባቷ አጠገብ የአልጋውን ጫፍ ልትይዝ እጆቿን ትዘረጋለች። ቁመቷ አይደርስም። ባሌ ዞር ብሎ ያያታል፤ ከነሸክሙ ጉልበቱን አጥፎ፣ እጇ እስኪደርስ ዝቅ ያደርግላታል።