ከሁለቱ ባዶ ሳሎኖች የቱ?

ዲዛይነሩ ሲገባ የሳሎኑ ወለል በብርጭቆ ስብርባሪ ተሞልቶ ነበር። ግድግዳው በሰው ራስ ከፍታ ላይ ተሸርፏል። ቀኝ እጁን በፋሻ የጠቀለለው ግዙፍ ባል ስብርባሪውን በጫማው ወደ ጥግ ገፋ። ትንሿ ልጁ ጎኑ ቆማለች፤ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። አባቷ በግራ እጁ ትከሻዋን ጨምድዶ ይዟል።

«ወድቃ ነው» አለች ሚስትየው፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ዲዛይነሩ ሁለት ሥዕሎች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ሁለቱም ባዶ ይመስላሉ፤ ግን ይለያያሉ። ይሄ የሰሜን አውሮፓ ነው። ነጣ ያለ እንጨት፣ ክፍት መደርደሪያ፣ ጥቂት የተመረጡ ዕቃዎች፤ የድንጋይ የአበባ ማስቀመጫ፣ የብረት መብራት። ያኛው የጃፓን ነው። እንጨቱ ጠቆር ይላል፣ ጠረጴዛው ዝቅ ይላል፣ ዕቃው ሁሉ ግድግዳ ውስጥ ይከተታል።»

«የመጀመሪያው ይሁን» አለች ሚስትየው ሥዕሉን አንስታ። «ድንጋዩ ያምራል። ቤት ቤት ይሸታል።»

«የጃፓኑ!» ባልየው ጮኸ። «ጠረጴዛውም ከወለሉ ጋር ይቸንከር። በእጅ የሚነሳ ነገር እዚህ ቤት ማየት አልፈልግም!»

«ወይ ጉድ! ቤት ነው እስር ቤት የምታሠራው? ውሃስ በመዳፌ ልጠጣልህ?»

ሥዕሉን ከእጇ ነጥቆ ቀደደው። ጠረጴዛውን በርግጫ ገለበጠው። ሚስትየው ፊቷን ሸፈነች። ልጅቷ ከአባቷ ጎን ንቅንቅ አላለችም። በፍርሃት ደርቃለች፣ ሲል አሰበ ዲዛይነሩ።

በሰው ትዳር ጥልቅ የሚል ሰው አልነበረም። ብሳሳትስ ብሎ ደጋግሞ ራሱን ጠየቀ። የልጅቷ ክንድ ግን ከዓይኑ አልጠፋ አለው። መስኮቱን ከውጭ ልለካ ብሎ ወጣና ፖሊስ ጠራ።

ሁለት ፖሊሶች መጡ።

«ይቺን ልጅ ማነው የሰበራት?»

ሚስትየው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ባልየው ወለል ወለሉን አየ።

«የቤታችን ጉዳይ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ይሄን የሚያህል ቁመና ይዘህ አታፍርም?» አንደኛው ፖሊስ ክንዱን ጠመዘዘው። ባልየው ልጅቷን አልለቅም ብሎ ታገለ። ጉልበቱን በዱላ መቱት፤ ሲወድቅ አፍንጫው ደማ። እየጎተቱ መኪና ውስጥ ወረወሩት።

«አይዞሽ እህቴ» አለ ዲዛይነሩ ሚስትየውን። «አለፈ።»

«ውለታህን አልረሳም፣ ወንድሜ።»

ልጅቷ በመሃላቸው ሾልካ በባዶ እግሯ ከመኪናው ኋላ ሮጠች፦ «አባዬ፣ ከእሷ ጋር ጥለኸኝ አትሂድ!»